ዋናው እስኪመጣ

ሰሞኑን እዚህ ሸዋ ሮቢት አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ክርክር ተነስቶ ነበር። ዋና አሰልጣኝ ሲሰናበት ምክትሉ ቦታውን ይይዛል። ደጋፊው ግን ቶሎ አያምነውም፤ ለምን? ሙቀቱም ጩኸቱም አላናግር ስላለኝ፣ መቼም የታሪክ መምህር ነኝና፣ እዚህ በዓመተ ምህረት ልደርድረው።

ከራሳችን ሊግ እንጀምር። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2009 ዋንጫውን ካነሳ በኋላ ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ወሰዱት። የ2012ቱ በኮሮና ተሰረዘ። ክለባችን በዚያ ጊዜ መፍትሔውን ከውጭ ነበር የሚፈልገው። ሰርቢያዊው ሰርዳን ዝቪጅኖቭ መጣ፣ ሄደ። ደቡብ አፍሪካዊው ማሂር ዴቪድስ መጣ፣ ሄደ። ስኮትላንዳዊው ፍራንክ ናታልም እንደዚያው። ለ2014 ሌላ ሰርቢያዊ፣ ዝላትኮ ክራምፖቲች፣ ተቀጠረ። የውድድር ዓመቱ ገና ሳይገፋ እሱም ተለያየ። ቦታውን በጊዜያዊነት የያዙት ምክትሉ ዘሪሁን ሸንገታ ነበሩ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ራሴ ያኔ «ሌላ ፈረንጅ እስኪመጣ ነው» ብያለሁ።

ያ ኅዳር ለኛ የኳስ ወር አልነበረም። ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ብዙዎቻችን ወደ ደብረ ብርሃን ወጥተን ነበር። ማን ሊግ ይከታተላል? ተመልሰን፣ ቤታችንን ጠራርገን፣ እንደገና ቲቪ ፊት ስንቀመጥ ግን ዘሪሁን አሁንም እዚያው ናቸው። በዚያው ዓመት ዋንጫው ተነሳ። በ2015 ደገሙት።

እኛ ምን አልን? «ቡድኑ ድሮም ጥሩ ነው»። ድሮም ጥሩ ከነበረ ያ ሁሉ አሰልጣኝ ለምን ተቀያየረ? የሚመልስልኝ አጣሁ።

ይሄ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2012 ቼልሲ ቪላሽ ቦአሽን ሲያባርር ምክትሉ ዲ ማቴዮ ተተካ። በናፖሊ 3 ለ 1 የተሸነፈ ቡድን ተረክቦ መልሱን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 1 አሸነፈ። ኤፍኤ ካፕ ወሰደ። ሜይ 19 ሙኒክ ላይ፣ ባየርንን በገዛ ሜዳው፣ በመለያ ምት ረትቶ ቻምፒየንስ ሊግ አነሳ። ቋሚ ተደረገ፤ ኖቬምበር ላይ ተባረረ።

የአርሰናል ደጋፊዎች፣ የናንተው ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ኤመሪ ሲሰናበት ዩንበርግ ተተካ። ስድስት ጨዋታ፣ አንድ ድል። ውጤቱ አልረዳውም፣ ልክ ነው። ግን በእልልታ የተቀበላችሁት አርቴታ ማን ነበር? እሱም ምክትል፣ የጓርዲዮላ ምክትል! የራስ ምክትል ሲሆን «ልምድ የለውም»፣ የሰው ምክትል ሲሆን «ከትልቅ ቤት የመጣ»። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይሄ ነው።

የኔ ሐሳብ አጭር ናት። ምክትል ሁሉ ጎበዝ ነው አላልኩም። ሚዛናችን ግን እኩል አይደለም። እንግዳው ሲሸነፍ «ጊዜ ይሰጠው» እንላለን። ምክትሉ ሲሸነፍ «አላልኳችሁም!» ሲያሸንፍ ደግሞ «ዕድል ነው»። «ጊዜያዊ» የምትለዋ ቃል ሰውየው ገና ሳይሠራ ውጤቱን ታሳንሳለች። ዘሪሁንን ከዩንበርግ የለያቸው ችሎታ ብቻ አይመስለኝም። አንደኛው ሥራውን እስከ መጨረሻው የመሥራት ዕድል አገኙ፤ ሌላኛው ግን ሦስት ሳምንት ብቻ ነበረው።

ይሄን ስጽፍ ለምን እንደሚከነክነኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ ታውቃላችሁ። በዲፕሎማ ሃይስኩል ክፍል የገባሁ ቀን ከኋላ ወንበር «ይሄኛው ዋናው መምህር እስኪመጣ ነው» ያላችሁትን ሰምቻለሁ። እኔም አምኜ ነበር። ዋናው እስከዛሬ አልመጣም፤ እናንተ ግን ማትሪክ ተፈትናችሁ፣ አልፋችሁ፣ ዛሬ እዚህ ገጽ ላይ ታርሙኛላችሁ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በኮሜንት እንገናኝ። ስድብ የለም።