እንቅልፍ ከአንጎል ይቀድማልን?



በሉማሜ አካባቢ ከብት ሌሊቱን በበረት ያድራል፤ አጥሩ ለጅብ ነው። የተኛ እንስሳ አይግጥም፣ አይሸሽም፣ ግልገሉን አይጠብቅም። ታዲያ የተፈጥሮ ምርጫ ይህን አደገኛ ጠባይ ስለ ምን አላጠፋውም?

መልሱ ለረጅም ጊዜ የተፈለገው ከአንጎል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 አሰሪንስኪና ክላይትማን ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል ሲገልጹ፣ የተኛ አንጎል ሥራ ፈት አለመሆኑ ታወቀ። በ2017 ግን ካሲዮፔያ የተባለችው አንጎል አልባ ጄሊፊሽ እንደምትተኛ ታየ፤ ሌሊቱን ስትረበሽ ካደረች በማግስቱ እንቅስቃሴዋ ይቀንሳል። ስለዚህ የእንቅልፍ ሥር ከአንጎል በፊት፣ ከነርቭ ሕዋሳት ዘንድ ሊፈለግ ይገባል።

ዝግመተ ለውጥ የለወጠው አተኛኘትን እንጂ እንቅልፍን አይደለም። ዶልፊን በግማሽ አንጎሉ ይተኛል፤ ጭላዳም ለማደር ገደል ይወርዳል። እንዲህ ያለ ዋጋ የሚከፈልለት ነገር ትርፍ ሊሆን አይችልም።