የተንቀሳቃሽ ሕዝብ ክትባት በኢትዮጵያ

የተንቀሳቃሽ ሕዝብ ክትባት በአንድ ቀበሌ ለማይረጉ ሰዎች፣ ማለትም ለአርብቶ አደሮች፣ ለወቅታዊ የእርሻ ሠራተኞች፣ ለተፈናቃዮችና ለስደተኞች የሚሰጥ የክትባት አገልግሎት ነው። በኢትዮጵያ መደበኛው ክትባት በነጻ ቢሰጥም በመኖሪያ ቀበሌ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ እነዚህን ሰዎች በቀላሉ ያልፋቸዋል።

የፈንጣጣ ዘመቻ

በአገሪቱ የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ በሽተኞች ተመዝግበዋል። በደጋው የከተቢዎቹ ፈተና ገደሉና የመንገድ እጦቱ ነበር፤ በኦጋዴን ደግሞ ሕዝቡ ከከብቱ ጋር መጓዙ። ስለዚህ ሕዝቡ እስኪመጣ መጠበቅ ቀርቶ፣ በሽተኛውን እየፈለጉ በዙሪያው ያሉትን መከተብ ተያዘ። የፈንጣጣው ክትባት ደረቅ ዱቄት ሆኖ ሙቀትን መቋቋሙ ለዚህ በእጅጉ ረድቷል። የኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን ተገኘ።

መደበኛው ክትባት

መደበኛው የሕፃናት ክትባት በ1972 ዓ.ም. ተጀመረ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እያንዳንዱን ቤተሰብ በጤና ኬላ መዝግበው ይከታተላሉ። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ፣ ከዚያም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ በ9 እና በ15 ወሩ ይከተባል። በዚህ መካከል ወላጆቹ አገር ከለወጡ የቀድሞው ቀበሌ «የለም» ይለዋል፤ አዲሱ ደግሞ አያውቀውም።

ከደጋ ወደ ቆላ

በሰሜን ወሎ፣ ሙጃን በመሳሰሉ የላስታ ደጋ አካባቢዎች መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳሉ። በእርሻው ላይ ተጨናንቀው ያድራሉ፤ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃም እምብዛም አያገኙም። ስለዚህ ኮሌራና ኩፍኝ በቀላሉ ይዛመታሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ የኮሌራ ክትባት ስላነሰ ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወረርሽኝ ከሁለት ይልቅ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ወስነዋል። ጥበቃው በዚህ ቢያጥርም፣ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ለማይገኝ ሠራተኛ ግን ይመቻል። ክትባት ሁሉን አይሸፍንም፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ለታየውና ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች መጣ ተብሎ ለሚገመተው ካላዛር እስከ አሁን ለሰው የሚሰጥ ክትባት የለም።

የብልቃጡ ችግር

የኩፍኝ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት የሚበቃ ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። በዚህ ምክንያት ባለሙያው ለአንድ ሕፃን ብቻ ብልቃጥ ለመክፈት ሊያመነታና እናቲቱን «በክትባት ቀን ነይ» ሊል ይችላል። ጎረቤት ለሆነች እናት ይህ የጥቂት ቀን መዘግየት ነው፤ በማግስቱ መንገደኛ ለሆነችው ግን ክትባቱን ማጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ይላል። የክትባት ካርድ የጠፋበት ሕፃን እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ይከተባል፤ የኩፍኝን ክትባት መድገሙ ጉዳት የለውም።