ብልሽቱ ከመንገዱ ነው፦ ከሐረሩ ሽቦ እስከ አርዱይኖ

ማጀቴንና ሸዋ ሮቢትን ያቀፈው የይፋት ቆላ ከባሕር ጋር የሚገናኘው ለዘመናት በሲራራ ነጋዴና በእግረኛ መልእክተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ልዑክ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ አንኮበር፣ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ፣ ለመድረስ ሳምንታት ፈጅቶበታል። ሽቦ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1899 ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘረጋ። ለዚህ መስመር ትልቁ ፈተና በሁለቱ ጫፍ የተቀመጠው መሣሪያ ሳይሆን መሐሉ ነበር፦ የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላዋል፣ ዝሆን ይታከክበትና ይጥለዋል፣ ሽቦውንም ለጌጥ የሚፈልግ ይቆርጠዋል። እንደ አርዱይኖ ያለ ማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ከኮምፒዩተር ጋር አልግባባ ሲልም ቦርዱን ከመኮነን በፊት መሐሉ ይፈተሽ የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ስልክ ድምፅ እንጂ ኮድ አይልክም፣ ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የቦርዱ የቅርብ ዘመድ ቴሌግራፍ ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ በ1870ዎቹ እያንዳንዱን ፊደል በአምስት ምልክት አስሮ በአንድ ሽቦ አከታትሎ ላከ። ላኪና ተቀባይ ፍጥነታቸው አንድ ካልሆነ ግን የሚደርሰው ዝብርቅርቅ ነው። ቦርዱ በ9600 ቦድ እየላከ ኮምፒዩተሩ በ115200 ሲያዳምጥ ስክሪኑን የሚሞላው ትርጉም የለሽ ምልክት ይኸው የቆየ ሕመም ነው፤ የፍጥነቱ መለኪያም ዛሬ ድረስ በቦዶ ስም ይጠራል። (አምስት ምልክት የሚሰጠው 32 ጥምረት ብቻ ነው። ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሲሠሩ ከ200 በላይ ለሆነው ፊደላችን ምን ያህል እንደተጨነቁ መገመት አያዳግትም።) አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ጀርመናዊው ሽታይንሃይል በ1838 መሬት ራሷ የመመለሻ ሽቦ ልትሆን እንደምትችል ካሳየ በኋላ ቴሌግራፍ በአንድ ሽቦ ይሠራ ነበር። ሁለት ቦርዶችን በቀጥታ የሚያገናኝ ሰው ግን የአንዱን መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር ማጠላለፉ አይበቃውም፤ ጂኤንዲ (“መሬት”) የተባለውን ሦስተኛ ሽቦም ማገናኘት አለበት። ጀማሪዎች አዘውትረው የሚረሱት እሱን ነው።

ጠንከር ያለው መቃወሚያ ሌላ ነው፦ ቴሌግራፍ ድራይቨር አልነበረውም፣ የዛሬው ብልሽት የሶፍትዌር ነው የሚለው። በርካሽ አርዱይኖዎች ላይ ቦርዱን ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘው ሲኤች340 ቺፕ ድራይቨሩ ካልተጫነ ኮምፒዩተሩ ፖርቱን ጨርሶ አያየውም። ይህን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ድራይቨሩም የመሐሉ አካል ነው፣ የሚለየውም በጥንቱ የመስመር ሠራተኛ ዘዴ፣ መስመሩን ወደ ራሱ በመመለስ ነው። በአርዱይኖ ኡኖ ላይ ሪሴትን ከጂኤንዲ፣ ፒን 0ን ከፒን 1 ጋር አገናኝቶ ከኮምፒዩተሩ የተጻፈው ተመልሶ ከመጣ፣ ገመዱም ድራይቨሩም ደኅና ናቸው። ይህ ፈተና የፍጥነት አለመስማማትን አያሳይም፤ የላከውም የተቀበለውም ያው ኮምፒዩተር ነውና። ስለዚህ ዝምታና ዝብርቅርቅ ለየብቻ ይመርመሩ። ፖርቱ ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ድራይቨር ከመፈለጋችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ፤ ለስልክ ቻርጅ ብቻ የተሠራ የዩኤስቢ ገመድ የዳታ ሽቦ የለውም።