የፔሪጎር የብስክሌት መንገዶች

ፔሪጎር በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኝ የገጠር አገር ነው። የፈረንሳይ አብዮት በ1790 የድሮዎቹን ጠቅላይ ግዛቶች ሽሮ አገሪቱን «ዲፓርትማ» በሚባሉ ክፍሎች ሲያዋቅር ዶርዶኝ የሚል የወንዝ ስም ተሰጠው፤ ሰዉ ግን የድሮውን ስም እስካሁን አልተወም። ተራራማ አይደለም፣ ሜዳም አይደለም። የባሉጥና የዋልነት ዛፍ የለበሱ ጉብታዎች የሚከታተሉበት፣ ዶርዶኝና ቬዜር የተባሉት ወንዞች በኖራ ድንጋይ ገደል ሥር እየተጠማዘዙ የሚፈሱበት ምድር ነው። ሳይሽቀዳደሙ በብስክሌት ረጅም መንገድ መሄድ የሚወዱ ሰዎች በፈረንሳይ ከሚመርጧቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንደሮቹና ዳገቶቹ

በፔሪጎር መንደር ማለት ብዙውን ጊዜ ዳገት ማለት ነው። ከወንዝ ዳር የተነሣ ብስክሌተኛ የሚያምር መንደር ለማየት አንገቱን ቀና ማድረግ አለበት፤ ማርሽም መቀነስ። ለዚህ ተጠያቂው ጦርነት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ነገሥታት የአኪቴን መስፍኖችም ስለነበሩ፣ ፔሪጎር በእነሱና በፈረንሳይ ነገሥታት መካከል ወሰን ሆነ። ሁለቱም ወገኖች ሰፋሪ ለመሰብሰብ፣ ግብር ለማስገባትና ድንበር ለመጠበቅ «ባስቲድ» የሚባሉ አዳዲስ ከተሞች ቆረቆሩ። የፈረንሳዩ ፊሊፕ 3ኛ በ1281 ዶምን የመሠረታት ከወንዙ 150 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አምባ ላይ ነው። ግሸንን ወይም መቅደላን ለሚያውቅ አንባቢ አምባ ለምን እንደሚመረጥ ማስረዳት አያስፈልግም። በብስክሌት ለሚወጣው ደግሞ ምክንያቱ ከታሪክ መጽሐፍ ቀድሞ በጭኑ ይገባዋል።

ከዚያ የመቶ ዓመቱ ጦርነት (ከ1337 እስከ 1453) መጣ። የቤናክ ግንብ ከፈረንሳይ፣ የካስቴልኖ ግንብ አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝ ጎን ቆመው ወንዙን በመካከል አድርገው ተፋጠጡ። ዛሬም እንደተፋጠጡ ናቸው። በአንዱ ሥር የሚያልፍ ብስክሌተኛ ሌላውን ከፊቱ ያየዋል። ከቤናክ ወደ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚገኘው ላ ሮክ ጋዣክ ገደሉን ተጠግቶ የተሠራ መንደር ነው፤ ገደሉም በ1957 ተንዶ ሦስት ሰው ገድሏል።

ጊዜ ያለው ሰው ሞንፓዚዬ ላይ ከብስክሌቱ መውረድ አለበት። የእንግሊዙ ኤድዋርድ 1ኛ በ1284 የቆረቆራት ይህች ባስቲድ 400 ሜትር በ220 ሜትር የሆነች አራት ማዕዘን ናት፤ ጎዳናዎቿ በገመድ ተለክተው የወጡ ያህል ቀጥ ያሉ ናቸው። መካከሏ ላይ ዙሪያውን በቅስት በረንዳ የተከበበ አደባባይ አለ። አደባባዩ ዳር በእንጨት ምሰሶ የቆመ የገበያ ዳስ ሲኖር፣ ከሥሩ የጥንት የእህል መስፈሪያዎች እስካሁን ተቀምጠዋል። ቤቶቹን ጠጋ ብሎ ያየ ደግሞ አንዱ ከሌላው ጋር እንደማይነካካ ያስተውላል፤ በመካከላቸው ሰው በጎን እንኳ የማያልፍበት ጠባብ ክፍተት ተትቷል። እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዛመት ነበር። ብስክሌት ግን አይገባበትም፤ የሞከረ ቱሪስት መኖሩ አይጠረጠርም።

መንገዶቹ ከየት መጡ

ብስክሌተኞች የፈረንሳይን ገጠር የሚያወድሱት በትንንሽ መንገዶቹ ብዛትና ጸጥታ ነው። ለእነሱ ተብሎ የተሠራ መንገድ ግን ጥቂት ነው። የ1836ቱ ሕግ ትንሿ የአስተዳደር ክፍል፣ ማለትም ኮሚውን፣ ከጎረቤቷ ጋር የሚያገናኛትን መንገድ እንድትሠራና እንድትጠግን አስገደደ፤ ነዋሪውም በዓመት እስከ ሦስት ቀን በጉልበቱ እንዲሠራ ወይም በገንዘብ እንዲከፍል ተደነገገ። ገበሬው ያን አፈርና ጠጠር የደለደለው እህልና ወይን ለሚጭን ጋሪ ነበር። ፈረንሳይ ዛሬም 35,000 ገደማ ኮሚውኖች አሏት፤ ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የመንገድ መረቧ አብዛኛው የእነዚህና የዲፓርትማዎቹ ነው። በካርታ ላይ «ዲ» በሚለው ፊደልና በቁጥር የተጻፉት የዲፓርትማ መንገዶች ናቸው። አናታቸው ቢጫ የተቀባ የኪሎ ሜትር ድንጋዮቻቸው አሁንም በየዳሩ ይታያሉ።

ጸጥታው ሌላ ምክንያት አለው፤ እሱ ደግሞ ያን ያህል አያስደስትም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የገጠሩ ወጣት ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ሄደ። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት ቀሪውን አጨደው። በየመንደሩ አደባባይ የሞቱትን ስም የያዘ የድንጋይ ሐውልት አለ፤ አንዳንዱ ጋ ቆሞ ስሞቹን የቆጠረ ሰው፣ ቀና ብሎ መስኮታቸው የተዘጋ ቤቶችን ሲያይ ሒሳቡ ይገባዋል። ብስክሌተኛው «እንዴት ሰላም ነው!» የሚለው መንገድ ሰው ጥሎት የሄደ መንገድ ነው። ብዙዎቹን ቤቶች በኋላ ገዝተው ያደሱት እንግሊዛውያን ናቸው፤ በጦር ያጡትን አገር በግዢ መለሱት ብሎ የሚቀልድ አይጠፋም።

መንደሮችን ከመረሳት ለማዳን ከተሞከሩት ነገሮች አንዱ በ1982 ተጀመረ። የኮሎንጅ ላ ሩዥ ከንቲባ ሻርል ሴራክ «የፈረንሳይ እጅግ ውብ መንደሮች» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ነዋሪዋ ከ2,000 የማይበልጥ፣ ቢያንስ ሁለት በሕግ የተጠበቁ ቅርሶች ወይም ሥፍራዎች ያሏትን መንደር ብቻ ይቀበላል። ቤናክ፣ ካስቴልኖ፣ ዶም፣ ላ ሮክ ጋዣክና ሞንፓዚዬ ሁሉም አባላት ናቸው፤ አምስቱንም በአንድ ረጅም ቀን በብስክሌት ማዳረስ ይቻላል፣ ጉልበት ካለ።

ማርሽና ዕረፍት

ጉብታ በጉብታ የሆነ አገር ያለ ማርሽ አይዘለቅም። ይህን ቀድሞ የተረዳው በቅጽል ስሙ ቬሎሲዮ የሚባለው ፖል ደ ቪቪ ነው። በ1887 በሰንት ኤትየን ከተማ የብስክሌት መጽሔት አቋቁሞ፣ ተራ ሰው ዳገት የሚወጣው ማርሽ ሲቀያይር ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ተከራከረ። ተቃራኒው ወገን አንሪ ዴግራንዥ ነበር። ሎቶ የተባለው ጋዜጣው ገበያ እንዲያገኝ በ1903 ቱር ደ ፍራንስን የጀመረው ይህ ሰው፣ ማርሽ መቀያየር ለደካሞች ነው ብሎ ያምን ነበር፤ በውድድሩ ላይ የተፈቀደው በ1937 ነው። ዛሬ በዶም ዳገት ላይ ትንሿን ማርሽ አስገብቶ እያለከለከ የሚወጣ ጡረተኛ ሁሉ ለቬሎሲዮ ባለዕዳ ነው ማለት ያስደፍራል።

ብስክሌት የእረፍት ጊዜ መጓጓዣ ሆኖ የተስፋፋው ግን በፖለቲካ ነው። የሊዮን ብሉም መንግሥት በ1936 ለሠራተኛው ሁለት ሳምንት ደመወዝ ያለው ፈቃድ ሲያጸድቅ፣ መኪና የሌለው ቤተሰብ በብስክሌትና ሁለት ሰው በሚያስፈናጥጠው ታንደም ገጠሩን አጥለቀለቀው። ከዚያ በፊትም በፈረንሳይ ገጠር በብስክሌት የዞሩ ነበሩ። በ1908 አንድ የኦክስፎርድ ተማሪ የመካከለኛውን ዘመን ግንቦች ለመመርመር አገሪቱን በብስክሌት አካልሏል፤ ይህ ተማሪ በኋላ «የዐረቢያው ሎረንስ» የተባለው ነው።

እሽቅድምድም

ቱር ደ ፍራንስ አካባቢውን ደጋግሞ ጎብኝቶታል። በ2014 ከቤርዠራክ እስከ ፔሪጉ በተደረገው 54 ኪሎ ሜትር የተናጠል የሰዓት ውድድር ጀርመናዊው ቶኒ ማርቲን አሸነፈ። በ2017 ውድድሩ ከፔሪጉ ተነሥቶ በዶም በኩል ቤርዠራክ ሲገባ ድሉ የሌላው ጀርመናዊ፣ የማርሴል ኪተል ሆነ።

ከአፍሪካ ቀንድ ጋር የሚያገናኘው ታሪክ ከዚያ በኋላ መጣ። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ፤ በቱር ዙር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም እሱ ነው። ሦስተኛ ድሉን ያገኘው ከዶርዶኝ በሚዋሰነው ዲፓርትማ፣ እሷም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በተቆረቆረችው ባስቲድ በቪልነቭ ሱር ሎት ነበር። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ለሚሄድ ሰው

ግንቦት፣ ሰኔና መስከረም ተመራጭ ናቸው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱም መኪናውም ይበዛል። በወንዙ ዳር በቤናክ ሥር የሚያልፈው ዲ 703 በበጋ ስለሚጨናነቅ ወደ ማዶው ዳርቻ መሻገር ይሻላል። ቀላል ይመስላል በሚባል 80 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ዳገቶቹ ሲደመሩ 1,000 ሜትር ገደማ መውጣት የተለመደ ነው። በሕጉ መሠረት መኪና ከከተማ ውጭ ብስክሌት ሲቀድም 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። ብስክሌተኛውም ከከተማ ውጭ በጨለማ ወይም በጭጋግ ሲሄድ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ ይገደዳል። በመንደር ውስጥ ምልክት ከሌለ ከቀኝ የሚመጣ ቅድሚያ አለው፤ ከቀኝ የሚመጣው ደግሞ አንዳንዴ ትራክተር ነው።

«ግራቪዮ» የሚል ምልክት ሲታይ ፍሬን ቀድሞ መያዝ ነው። የመንገድ ሠራተኞች በበጋ አሮጌውን አስፋልት በሬንጅ ለብጠው ጠጠር ይበትኑበታል፤ ጠጠሩ እስኪረጋ ድረስ ቀጭን ጎማ በመታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል። ውሃ ያለቀበት ደግሞ የመቃብር ሥፍራ ይፈልጋል። በየመንደሩ መቃብር ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አለ፤ የአገሩ ብስክሌተኞች ጠርሙሳቸውን የሚሞሉት ከዚያ ነው። «ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለበት አይጠጣም።

ምግብ ሌላ ጉዳይ ነው። የመንደር ሱቆች ከቀትር እስከ ስምንት ሰዓት፣ እንደ ፈረንሳዮቹ አቆጣጠር ከ12 እስከ 14 ሰዓት፣ ይዘጋሉ። ብዙዎቹ ዳቦ ቤቶችም ሰኞን ያርፋሉ፤ ስለዚህ ሰኞ የሚነሣ ሰው ዳቦውን እሑድ ጠዋት ይግዛ።