ብርሌ ለምን ይነቃል?

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላሉ አበው። ምሳሌው የተነገረው ስለ ፍቅርና ስለ መተማመን ነው። እኔ ግን በእንጅባራ ብርድ፣ ትኩስ ሻይ የተቀዳበት ብርጭቆ ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ ባየሁ ቁጥር ቃሉን በቁሙ እወስደዋለሁ። ለመሆኑ ብርሌ ለምን ይነቃል?

ሙቀት የነካው የውስጥ ገጽ ይለጠጣል፤ የቀዘቀዘው ውጫዊ ገጽ አልከተልም ይላል፤ በሁለቱ ጉተታ መካከል ገላው ይተረተራል። ይህን ጠብ ሊያበርድ የተነሣው ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሾት ነበር። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የመስኮት መስተዋት አምራች ልጅ የነበረው ሾት፣ በ1884 ከፊዚክስ ሊቁ ከኤርንስት አቤ፣ ከማይክሮስኮፕ ሠሪው ከካርል ዛይስና ከልጁ ከሮደሪክ ጋር በዬና ከተማ የመስተዋት ቤተ ሙከራ ከፈተ።

ከዚያ በፊት መስተዋት ማቅለጥ በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የእጅ ልማድ ነበር። ሾት ግን ማዕድናቱን እየመዘነ፣ አዳዲሶችን እየጨመረ፣ የእያንዳንዱን ጠባይ መዘገበ። ቦሮን ሲገባበት መስተዋቱ ሙቀትን እንደሚችል ተረዳ። ቦሮሲሊኬት የተባለው ይህ መስተዋት ለቴርሞሜትር፣ ለጋዝ ፋኖስ፣ ኋላም ለመድኃኒት ብልቃጥ ዋለ። ዛሬ ክትባት የሚታሸግበት ብልቃጥ የዚያ ምድጃ የልጅ ልጅ ነው።

የሚደንቀው ደግሞ የፋብሪካው የራሱ ዕጣ ነው። በ1945 የአሜሪካ ጦር ዬናን ለሶቪየቶች ለቆ ከመውጣቱ በፊት 41 ባለሙያዎችን መርጦ ወደ ምዕራብ ወሰደ። ዬና የቀረው ፋብሪካ በ1948 ተወረሰ፤ የሄዱት በኦቶ ልጅ በኤሪክ መሪነት በ1952 በማይንዝ ከተማ አዲስ ፋብሪካ ከፈቱ። አንዱ ብርሌ ለሁለት ነቃ። ሁለቱ ወገኖች እንደገና አንድ የሆኑት ጀርመን በ1990 ከተዋሐደች በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ በመለያየቱ ዘመን የዬናም ምድጃ አልጠፋም፤ የማይንዙም አላንቀላፋም። በ1968 ማይንዝ ላይ ዜሮዱር ተሠራ፤ ብርድና ሙቀት ቢፈራረቁበት መጠኑ የማይለወጥ ያህል የጸና ዕቃ ነው። በቺሊ በረሃ ሰማይን የሚቃኙት፣ እያንዳንዳቸው 8.2 ሜትር ስፋት ያላቸው አራት የቴሌስኮፕ መስተዋቶች የተሠሩት ከእርሱ ነው።

አበው አልተሳሳቱም፤ የነቃ ብርሌ ጠጅ አይዝም። ነገር ግን በቋንቋችን «ነቃ» ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ ተሰነጠቀ፣ ወርቁ ከእንቅልፉ ተነሣ። ዕውቀቱን በመዝገብና በልቡ ያኖረ ሰው ግን፣ ዕቃው በነቃ ጊዜ እርሱም አብሮ ይነቃል።