ሕጸጸ ጡንቻ፤ ስለ አንድ አዲስ ስምና ስለ ትርጓሜው

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ያሳተሙት ኦነሲሞስ ነሲብ በኖሩባትና ባረፉባት በነቀምቴ፣ ለባዕድ ቃል አገርኛ አቻ መፈለግ እንግዳ ሥራ አይደለምና፣ ሐኪሞች «ሳርኮፔንያ» ለሚሉት የእርጅና ደዌ ስም ላወጣለት ብሞክር ድፍረት አይሆንብኝም።

ስሙን በ1989 ለንባብ ያበቃው አሜሪካዊው ሐኪም ኢርዊን ሮዘንበርግ ሲሆን፣ «ሥጋ» እና «ድህነት» የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት ያጋጠመ ነው። በቀጥታ ወደ ግእዝ ቢመለስ «ንዴተ ሥጋ» በሆነ ነበር፤ ነገር ግን በግእዝ ድህነት የሆነው ንዴት በአማርኛ ቍጣ ማለት ስለሆነ፣ አንባቢው ሽማግሌው የተቈጣ ይመስለዋል። «ሕጸጸ ሥጋ» ቢባልም ስለ ሁዳዴ የምናወራ ያስመስለናል። ሕጸጽ ጉድለት ነውና «ሕጸጸ ጡንቻ» የሚለውን መርጫለሁ።

ይሁን እንጂ ይህ ስም የጡንቻውን መጕደል ሲናገር ከምክንያቱ ብዙውን ይሰውራል። ከኅብለ ሰረሰር የሚወርደው ነርቭ ከጡንቻው ክር ጋር የሚገናኝበት፣ እኔ ርክበ ካህናትን አስቤ «ርክበ ነርቭ» የምለው ስፍራ አለ፤ በዚያም ሁለቱ ሳይነካኩ፣ አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር በመካከላቸው ያለውን ረቂቅ ክፍተት ተሻግሮ ትእዛዙን ያደርሳል። ዕድሜ ሲገፋ ከነርቮቹ አንዳንዱ ይሞታል፤ ያዝዛቸው የነበሩት ክሮችም የሙት ልጆች ይሆናሉ። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ነርቭ አዲስ ቅርንጫፍ ዘርግቶ፣ ወለጋዎች በጉዲፈቻ ሥርዐት የሌላውን ልጅ እንደ አብራካቸው ክፋይ እንደሚያሳድጉ፣ የቻለውን ያህል ሰብስቦ ያሳድጋል፤ አሳዳጊ ያጣው ክር ግን ከስቶ ይጠፋል። አሳዳጊው ብዙ ጊዜ ዝግተኛ ነርቭ ስለሆነ ፈጣኑ ክር የእርሱን ጠባይ ይወርሳል፤ በክረምት ጭቃ የተንሸራተተ አረጋዊ እግሩን ቶሎ መልሶ መትከል የሚሳነው አንድም በዚህ ነው።

መድኀኒቱ እስከ ዛሬ ከክኒን ይልቅ ጡንቻን በክብደት ማሠራትና እንደ ባቄላ፣ እንቁላልና ወተት ያለ ገንቢ ምግብ አለማጕደል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የመከሩት የአውሮፓ ሊቃውንትም ከጡንቻው ብዛት ይልቅ ኀይሉን አስቀድመው መመርመርን መረጡ፤ ከፈተናዎቻቸው አንዱ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር 5 ጊዜ መነሣት ሲሆን፣ ከ15 ሰከንድ በላይ የፈጀበት ሰው ይጠረጠራል። በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ይህን የሚሞክር ሰው ግን በርጩማውን ትቶ ወንበር ይፈልግ፤ በርጩማ ዝቅተኛ ነውና ጐልማሳውንም ያለ ጥፋቱ ያስከስሰዋል።