መኪናችን ስለ ጭሷ እንጂ ስለ መሪዋ አትናገርም

ነገሩ የጀመረው ዳገት ላይ ነው። እኛ ቤት ያለችው አሮጌ መኪና (ዕድሜዋ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ልደቷን ግን አናከብርም) አንድ ቀን ጠዋት ኩርባው ላይ ስንደርስ መሪዋ ድንጋይ ሆነብን። ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ ምስል ያላት ቢጫ መብራት በራች። የሰፈራችን ወጣት መካኒክ የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ ከመሪው ሥር ሰካ፣ ስልኩን አየና «ንጹሕ ናት፣ ምንም ጥፋት የላትም» አለን። መብራቷ እኮ ፊት ለፊታችን በርታለች! ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ሙሉ መሪው ይቀየር» አለ። ዋጋው ሲጠራ እናታችን ዕቁቧ የሚደርስበትን ወር መቁጠር ጀመረች።

እኛም መሪውን ከመግዛታችን በፊት ታሪኩን ፍለጋ ገባን። መብራት በርቶ እያለ «ጥፋት የለም» የሚል መሣሪያ ከየት መጣ? መልሱን ያገኘነው ሎስ አንጀለስ ሰማይ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በጁላይ 1943 ሎስ አንጀለስ ዐይን በሚያቃጥል ጉም ተሸፈነች። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ጃፓኖች የመርዝ ጋዝ የለቀቁ የመሰለው ሰው ነበር። ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ አሪ ሀገን-ስሚት የተባለ ሆላንድ ተወላጅ የኬሚስትሪ ሊቅ ምሥጢሩን ፈታው። ሰውየው ከዚያ በፊት የአናናስን ሽታና ጣዕም ያጠና ነበር። ከመኪና ጭስና ከነዳጅ ማጣሪያዎች የሚወጣው ትነት ፀሐይ ሲያገኘው ያን ጉም እንደሚፈጥር አሳየ። ጠላት የተባለው በየሰዉ ደጅ የቆመው መኪና ሆኖ አረፈው። ካሊፎርኒያ በ1967 የአየር ጉዳይ ቦርድ ስታቋቁም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር እሱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የጭስ ሕጉ እየጠበቀ ሄደ፤ ካርቡራተር ደግሞ ነዳጅን በጠብታ መጥኖ መስጠት አይችልም። ስለዚህ ኮምፒውተር መኪና ውስጥ ገባ። ኮምፒውተር ደግሞ ዐይንም ጆሮም የለውም፤ ሴንሰር ያስፈልገዋል። የውኃውን ሙቀት የሚለካ፣ የሚገባውን አየር የሚለካ፣ ከ1976 ጀምሮ ደግሞ (መጀመሪያ ቮልቮ ላይ) ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ተገጠመ።

ሴንሰርም ያረጃል። ያረጀ ሴንሰር ኮምፒውተሩን ይዋሸዋል፣ ኮምፒውተሩ የተነገረውን አምኖ ነዳጅ ያፈሳል፣ ከተማው ደግሞ ያን ጭስ ይተነፍሳል። ካሊፎርኒያ ይህን አይታ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ አዲስ መኪና ጭስ የሚቆጣጠሩ ክፍሎቹ ሲበላሹ ራሱ እንዲያውቅና መብራት እንዲያበራ አዘዘች። ዛሬ ሾፌር ሁሉ የሚፈራት «ቼክ ኢንጂን» በሕግ የታዘዘችው ያኔ ነው።

ግን ፋብሪካው ሁሉ የየራሱ ቋንቋ ነበረው። የዚያን ዘመን ቶዮታ ለመጠየቅ ሞተሩ አጠገብ ካለችው ሣጥን ሁለት ቀዳዳዎችን በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ የመብራቷን ብልጭታ መቁጠር ነበር። ሁለት ብልጭታ፣ ፋታ፣ እንደገና ሁለት ከሆነ 22 ነው፦ የውኃ ሙቀት ሴንሰር። አራት፣ ፋታ፣ አንድ ከሆነ 41 ነው፦ ነዳጅ ስንረግጥ የሚከፈተውን የአየር በር የሚከታተለው ሴንሰር። ሌላ ፋብሪካ ዘንድ ሲሄዱ ይህ ሁሉ ዕውቀት አይሠራም።

በ1990 የተሻሻለው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ይህን ዝብርቅርቅ አስቆመ። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ እዚያ የሚሸጡ አዳዲስ አውቶሞቢሎች አንድ ዓይነት ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬትና የጋራ ኮድ እንዲኖራቸው ተደረገ። ፋብሪካዎችም የጭስ ጥገና መረጃቸውን ከድርጅታቸው ውጪ ላሉ ጋራዦች እንዲሰጡ ተገደዱ። አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ተከተለች። ለሎስ አንጀለስ ሳንባ የወጣ ሕግ አዲስ አበባ ላለ ወጣት መካኒክ የመኪናዋን ምሥጢር መክፈቻ ሰጠው ማለት ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ አናጣጥለውም።

ነገር ግን ልብ በሉ፦ የወጣው የጭስ ሕግ ነው። የመሪ ሕግ አይደለም።

መሪ የራሱ ታሪክ አለው። ክራይስለር በ1951 በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ለገበያ ሲያቀርብ ጥፋቱ ምንም ኮድ አያስፈልገውም ነበር። ዘይት መሬት ላይ ይንጠባጠባል፣ ፓምፑ ያለቅሳል፣ ቴስቲናው ሲበላ መኪናዋ ትዋልላለች። መካኒኩ በጆሮውና በእጁ ያገኘዋል። በ1988 ሱዙኪ ጃፓን ውስጥ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ መሪ ይዞ መጣ። መሪም የራሱ ሴንሰርና የራሱ ኮምፒውተር ኖረው። የጋራው የኮድ ሥርዓት ለፍሬንና ለመሪ የሚሆን ሌላ ፊደል አዘጋጅቷል፤ ሕጉ ለማንም ክፍት ይሁን ያለው ግን ጭስን የሚነካውን ነው። የቀረውን አብዛኛውን ፋብሪካዎቹ በራሳቸው ቋንቋ አስቀሩት። ለዚህ ነው ርካሿ ዕቃ ሞተሩን ጠይቃ «ንጹሕ» የምትለው። መሪውን አልጠየቀችውማ!

የጋራዥ አማርኛችንም ይህንን ዘመን ለሁለት ይከፍለዋል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቴስቲና ከጣሊያንኛ መጡ፤ በእጅ የሚዳሰሱ ናቸው። ሴንሰር፣ ስካነር፣ ኮድ ከእንግሊዝኛ መጡ፤ ማሽን ካልነገረን አናውቃቸውም። አደጋው ሁለተኛውን ስንማር የመጀመሪያውን መርሳታችን ነው።

የእኛዋ መኪና መጨረሻ እንዲህ ሆነ። አንድ አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ወሰድናት። «ጋሼ፣ መሪው ይቀየር ተባልን» ስንላቸው ሳቁ። ሞተሩን አስነስተው «እስቲ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሪው ልጄ» አሉና የባትሪውን ቮልት ለኩ። መሪ የሚያግዘው ሞተር ሲዞር ብዙ ኃይል ይስባል፤ ኃይል ካነሰው ኮምፒውተሩ እገዛውን ያቆምና መብራት ያበራል። ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደው የኔጌቲቭ ሽቦ ጫፉ ዝጎ ነበር። ፈትተው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ አጥብቀው መለሱት። መሪዋ ለስላሳ ሆነ፤ መብራቷም ጠፋች። የእናታችን ዕቁብም ተረፈ።

ይህን የምንጽፈው መካኒክ ለመውቀስ አይደለም። ከ2024 ጀምሮ ወደ አገራችን በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የሚገቡት ኤሌክትሪክ ናቸው። ጭስ የሌለውን መኪና የጭስ ሕግ ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ባትሪው፣ መሪው፣ ፍሬኑ ምን እንደሆነ ለሰፈራችን ልጅ እንዲናገር የሚያስገድደው ማን ነው? ሎስ አንጀለስ ሃምሳ ዓመት የፈጀባት ለሳንባዋ ስትል ነው። እኛስ ለመሪያችን ስንል መቼ ነው የምንጠይቀው?

እስከዚያው «ጥፋት የለም» ስትባሉ አንድ ጥያቄ አስከትሉ፦ «ማንን ጠይቀኸው ነው?»